ሰባት ሐሙስ

ጅማ በተመደብኩ ሰሞን፣ ሰጡኝ ሞተር አሮጌ፣
የታመመ ከብት ላክም፣ መንደር ለመንደር ፈልጌ።
ማስተማሩን ግን ለአባ ፊጣ ተዉት፣
ከአዌቱ ድልድይ ማዶ ብረት ለሚፈቱት።
ሦስት ቀን ሙሉ ቁልፉን ከኪሳቸው አላወጡም፤
«ዓይን ሳይቀድም እጅና እግር፣» አሉ፣ «ለደግ አይመጡም።

መጀመሪያ ዙሪያዋን ዙሪ፣ ጎማዋን በጣትሽ ዳብሺ፤
ከሥር ዘይት ካየሽ ጭቃው ላይ፣ ትናንትም ነበር ወይ? አስታውሺ።
የራስ ቁርሽን እሰሪ፣ አገጭሽ ስር እስኪቆነጥጥ፤
ጸጉሬ ተበላሸ ብትይ፣ ከጭንቅላትሽ አይበልጥ።
ግራሽ ፍሪሲዮን ይያዝ፣ ቀኝሽ ፍሬኑን ይጨብጥ።
ማርሹን በእግርሽ ጠይቂው፤ ዜሮ ነኝ ቢልሽ አትመኚው፣
አረንጓዴዋ ብትበራም፣ ወዲያ ወዲህ ገፍተሽ እዪው።
የጎን እግሯን ረስተሽ ከሄድሽ፣
መጀመሪያው ኩርባ ላይ ትጥልሻለች፤
በቅሎ እንኳ ስትጥል ታስታውቃለች።»

እኔ ግን ልቤ ጅረን ወጥቶ፣ ነፋስ ጠጥቶ ነበር፤
ባልተነሳች ሞተር ላይ ተቀምጬ፣ አላፊ አግዳሚውን ማፈር!

በሦስተኛው ቀን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰቀሉ።
«ይሄ ጠባሳ የመርገጫው ምት ነው፤ ሕመሙ ሄዷል፣ ቀላል ነው።
ያልሄደው የአዴ ዘሐራ ማር ነው።
የሐሙስ ገበያ ነበር። ቸኩያለሁ። ማርሽ ውስጥ ገብታ አድራ፣
ፍሪሲዮን ሳልይዝ ረገጥኳት፤ ዘለለች እንደ ጎሽ ደንብራ።
ከፊት የአዴ ዘሐራ ገንቦ፣ ከጫካ የመጣ ነጭ ማር፤
ንቡ ሲሰፍርበት ዋለ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ስማር።
ሰባት ሐሙስ ከፈልኩ። በመጨረሻው፣ ገንዘቡን ቆጥራ፣
‹እዚያ ልጄ ተቀምጦ ነበር› አለችኝ፣ ድምጿን ሳታጠራ፤
‹ውሃ ጠምቶት ትንሽ ቀደም ብሎ ተነስቶ እንጂ።›
ይህን ስንት ሐሙስ ይከፍለዋል? … በይ፣ ቁልፉን እንቺ።»

ዛሬ፣ ቆጪ፣ ንጋት ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣
ስልኬ ጠራ፤ ሰርቦ ያለችውን ላም ይዟታል ምጥ።
የጥጃው አንድ እግር ብቻ ወጥቶ፣ ባለቤቱ በስልክ ያለቅሳል፤
ሲቸኩሉ፣ መቼም፣ እጅ ከአንጎል ይቀድማል።

ሮጬ ወጣሁ። እጄ ግን በጄ አላለኝም።
ዙሪያዋን ዞርኩ። ዳበስኩ። ቁሬን አሰርኩ።
ፍሪሲዮኑን ይዤ ቁልፉን አዞርኩ፤
አረንጓዴዋ የለችም።
ሙአዝ ነው፣ የአከራዬ ልጅ፤ ማታ በአፉ «ድርርር» እያለ ሲጋልባት
አንደኛ ማርሽ ላይ ጥሏት ገባ።
ከጎማዋ ፊት፣ አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት፣
እናቱ ጎንበስ ብላ
የጣራ ውሃ በባልዲ ትቀዳለች።
ቀና አለችና፣ «ደህና አደርሽ?» አለችኝ።

ዜሮ አስገባሁ። ገፍቼ አየሁ። የጎን እግሯን ሰበሰብኩ።
ባልዲው ሞልቶ እስክትገባ ቆምኩ።
በሁለተኛው ርግጫ ተነሳች።

ሰርቦ ስደርስ አምስት ደቂቃ ዘግይቻለሁ።
ጥጃውም ዘግይቶ ኖሯል።