አርባ ስምንት ኪሎ

ስንሄድ በአየር ነበር። ቶንጎዋ፣ ሣር ሜዳ፣
አውሮፕላኗ ዞረች ላሙ እስኪነዳ፤
ወርዳ ቆመች ደግሞ እየተንገጫገጨች፣
ክንፍ የበቀለባት ሚኒባስ መሰለች።
ከጎጆዋ ደጃፍ ሚዛን ተቀምጧል፣
ሰው እንደ ጆንያ ተራ ይዞ ይወጣል።

አባቴ ወጣበት ጃንጥላውን ይዞ፣
ኮቱ ሰፍቶት፣ ዓይኑ በሕመም ደንግዞ።
«አርባ ስምንት ኪሎ» ልጅቷ ጻፈች።
«ጃንጥላዋን ቀንሺ፤ የጎረቤት ነች።»
ሳቁ ተሰላፊዎች። እሱ ግን አልሳቀም፣
የሰው ዕቃ በስሙ ማስጻፍ አልለመደም።

ከዚያማ ፖርት ቪላ። ሦስት ሳምንት ካንድ ቀን።
(ይኼን አላወራም።) ለመመለስ ሲሆን
አውሮፕላኗ ጠባ ሣጥኑ አልገባ አለ፤
«መርከብ አለ» አሉኝ፤ «ማክሰኞ፣ እግዜር ካለ።»

ማክሰኞው ሐሙስ ሆነ፣ ሐሙሱም ተገፋ፤
ነዳጁ ሲገኝ መካኒኩ ጠፋ።
ዓርብ ጀምበር ስትጠልቅ ጮኸች መርከቢቱ፤
ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ አሳማ ከነእናቱ፣
የትምህርት ቤት ወንበር፣ አንድ የጥርስ ሐኪም፣
መሐል ላይ አባቴ። የመዘነን የለም።

ኤማይ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰው ሞልቶ ጠበቀን፤
እኛ በሞተር መጥተን ወሬ በምን ቀደመን?
«ካልሞሊ! ካልሞሊ!» ሴቶቹ ወጡና፣
ሰሌን አለበሱት፣ ቀይ፣ ቀለሙ ገና
እጅ ላይ የሚቀር።
ቶንጎዋም ደገመች፣
ቡኒንጋ ጨመረች፤
በደሴት በደሴት ሣጥኑ እየወፈረ፣
አርባ ስምንት ኪሎው ስንት ደርሶ ነበረ?

ቶንጋሪኪ ወደብ የላት፣ ቋጥኝ ነው ደጃፏ፤
ማዕበል ሳያንኳኳ ይገባል ካፏ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመርከብ ወደ ዳር
ሰው ያሻገረው እሱ፣ በዚህች ጀልባ ነበር፤
አራስ ከነልጇ፣ ዳኛ ከነመዝገብ፣
አንድ ጊዜም ኦርጋን፣ ሳያስነካው ወጀብ።

ዛሬ መሪው ላይ ካልታባንግ፣ ልጅ እግሩ፣
እሱው ያስተማረው፤ ተነክሷል ከንፈሩ።
በገመድ አወረድን። ጀልባዋ ዝቅ አለች
እስከ ጠርዟ ድረስ፤ ውኃ ግን አልጠጣች።
ጃንጥላዋን ይዤ ራስጌው ሆንኩና፣
ሰማሁት፤ ካልታባንግ ሞገዱን ያይና
እንዳባቴ ይቆጥራል፣ በጥርሱ መካከል፦

አንድ፣ ይለፍ።
ሁለት፣ ይኼም ይለፍ።
ሦስተኛው፣ ትልቁ፣ እሱም ይጠቀለል—

አሁን።