አጀንዳ ሦስት

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር። የጤና ጽሕፈት ቤት፣
መስኮቱ የማይገጥም፣ ነፋስ የሚያፏጭበት።
ዘጠኝ ሰው ከነካፖርቱ ጠረጴዛ ዙሪያ፣
የፋይናንሱ ወንበር ባዶ፣ እንደ ወትሮው፣ ለማሳያ።
እኔ ጸሐፊዋ ነኝ፤ ሽታዬ ይሉኛል፤
የሰው ቃል አሳጥሬ መጻፍ ይሆንልኛል።

አንደኛው አጀንዳ ጣሪያ ነው፤ አለቀ።
ሁለተኛው የነዳጅ፤ ትንሽ አጨቃጨቀ።
ሦስተኛው ሲነበብ ሰው ሁሉ ሰዓት አየ፦
«በመጠጥና በጫት ሱስ ከሥራ ከቤቱ ለተለየ
አዋቂ ሰው፣ እዚሁ ከተማ የሕክምና ቦታ ስለ መክፈት።»
«ለሰካራም ደግሞ» አለ አንዱ፣ «አልጋ ልናነጥፍለት?»
ሳቅ ሆነ። ሳቅ አይጻፍም። ዘለልኩት።

«ቁጥሩ ስንት ነው?» አሉ ሰብሳቢው፣ አቶ ክፍለዮሐንስ፤
«ያለ ቁጥር በጀት የለም።» መነጽር ማበስ፣ ወረቀት ማመስ።
ነርስ እታፈራሁ ሠንጠረዥ አወጣች፤
«የመጡትን ነው እንጂ ያልመጡትን» አለች፣
«አላውቅም።»

እኔ አንድ አውቃለሁ። አልተናገርኩም።
ቃለ ጉባኤ ያዥ ድምፅ የለውም።
ወንድሜ መክብብ ነው፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ
ሽመና ክፍል የሠራ፤ እጁ ክር እንኳ
ሳይበጥስ የሚያሳልፍ፤ ዛሬ ጧት ሲነሣ
የሸሚዙን ቁልፍ ከቀዳዳው የሚያገናኝ በስንት አበሳ።

«አዲስ አበባ ይታከም» ተብሎ ሪፈር ተጻፈለት።
ማኅተም አለው። ቀን አለው። የአውቶቡስ ሰጠሁት።
መንገዱ ገና ሳይጀመር፣ ጫጫ ላይ ወረደ፤
ወደ አንዲት አረቄ ቤት እግሩ ራሱ ሄደ።
ማታ ተመለሰ፤ ወረቀቱ ከኪሱ
አራት ቦታ ታጥፎ፤ አንገት ደፍቶ እሱ።
መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሐኪም ከበሽተኛ፣
በመሐሉ ስንት ደጅ፣ ስንት ጠጪ ጓደኛ!
ጸበልም ወስደነዋል፤ ሁለት ሱባኤ በጀው፤
ሲመለስ ግን ያው ሰፈር፣ ያው ደጅ ጠበቀው።

«በሚቀጥለው በጀት ዓመት ቢታይስ?» አሉ ሰብሳቢው።
እጆች ሊነሡ ሲሉ፣ ከበሩ ጋ ዘበኛው፣
ጋሽ አሰግድ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤
በር ሲከፍት በር ሲዘጋ የኖረ ሰው፣ ነገር ፈለገ።

«እኔ ጠጪ ነበርኩ። ከእናንተ ማን ያውቃል?
እንግዛ ካላችሁ፣ ምን እንደሚገዛ ይጠየቃል።
አልጋ አይደለም ፊተኛው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት
ሰውነት ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያጠምቅ፣ የሚከፈት በር፣ መብራት።
የማይጮህ ሰው። መድኃኒቱን ቆጥሮ የሚሰጥ፤
ድንገት ቢያቆሙት ይገድላልና፣ ይህ መጠጥ።
ለሴቶቹ ሌላ በር፣ በጓሮ ይሁን፤
ጓዳ ዘግታ የምትጠጣ እናት፣ ማን ያያታል እሷን?
ከወጣም በኋላ ሳምንት ሳምንት የሚጠይቀው፤
እኔን ያቆመኝ መርፌ አይደለም፣ አንድ ሰው ነው
‹ነገ ና› ያለኝ። በነጋው ያገኘሁት።»

ጸጥ አለ። ነፋሱ ብቻ፣ በመስኮት።

ዘበኛ አባል አይደለም፤ ቃሉ አይመዘገብም።
ጻፍኩት። ቃል በቃል። አንዲት ፊደል አላሳጠርኩም።

ውሳኔ፦ አሮጌ ታይፕ የተከማቸበት መጋዘን
ይጸዳ፤ ሁለት አልጋ፤ ለሙከራ ስድስት ወር ይሁን፤
ሌሊት አዳሪ ነርስ፣ ወደፊት ይታያል።
ሁለት አልጋ። ለዚህ ሁሉ ከተማ። ይበቃል?
አይበቃም።

ከመጋዘኑ እስከ ቤታችን በልቤ መንገዱን ቆጠርኩ፤
አንድም አረቄ ቤት የለበትም፤ ሁለት አሉ፣ ዋሸሁ፣ አፈርኩ።
ስንወጣ ለጋሽ አሰግድ፣ ቁልፉን ሲያንቃጭል፣
«‹ነገ ና› በልልኝ» አልኩት፣ በለሆሳስ ቃል።
ማንን እንደሆነ አልጠየቀኝም።