ውስጡን ለቄስ

ግሌኒስ ከሱቅ መጣች፣ ጫማዋ ውኃ ጠጥቶ፣
አንድ የብስኩት ሳጥን በካፖርቷ ጉያ ገብቶ።
የስዋንሲ ዝናብ፣ ታኅሣሥ ሲሆን፣ ከጎን ነው የሚመታው፤
ሚስቴ በስብሳለች፤ ሳጥኑን ግን ጠብታ አልነካው።

«ሰባት ፓውንድ ከሃምሳ!» አለች፤ «ግን እየው ሥዕሉን፣
አሥራ አራት ዓይነት አለው፤ ቁጠር ኤምሪስ ሁሉን።»

ቆጠርኩ። እውነቷን ነው። ክዳኑ ላይ ተደርድሮ፣
አንዱ ለውዝ ተነስንሶበት፣ አንዱ ካራሜል ተንቆርቁሮ፣
አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ በሁለቱም ተዥጎርጉሮ፣
መሐል ላይ አንዲት ብቻ፣ ገላዋ በወርቅ ወረቀት ታስሮ፣
እንደ ሙሽራ ጉብ ብላለች።

«እንክፈተው» አልኩ። እጄን ቸብ አደረገችኝ፤
«ለእሑድ ነው፤ ቄስ ሂዩ ይመጣሉ» ብላ ከለከለችኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የባቡር ትኬት በስቻለሁ፤
ያለ ትኬት የተሳፈረን በአተነፋፈሱ አውቃለሁ።
ይህን ሳጥን ግን አመንኩት። አራት ቀን ሙሉ አመንኩት።
ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሣ፣ ልክ እንደ ድመት ዞርኩት።

እሑድ ቄሱ መጡ። ክዳኑ ተነሣ።

አንዱ ክብ፣ ተራ ብስኩት።
ሁለተኛውም ክብ፤ ያው ብስኩት።
ሦስተኛው አራት ማዕዘን፤ ሲቀምሱት ግን ያው ክቡ ብስኩት።
ቸኮላቱማ ከመሳሳቱ፣ ማዶ ያለ ያሳያል፤
የተቀባ ሳይሆን፣ በአጠገቡ ስሙ የተጠራ ይመስላል።
ፕላስቲኩ ለሁሉም አልጋ አንጥፏል፤ ግማሹ አልጋ ባዶ፣
እንደ ጠረፉ ሆቴሎች፣ ጎብኚው በብርድ ሸሽቶ ሄዶ።

«ከሥር ሌላ ረድፍ አለ» አለች ግሌኒስ።
ካርቶኑን አነሣች፤ ከሥሩ ካርቶን አለ።
እሱንም አነሣች፤ ከሥሩ
«ስለመረጡን እናመሰግናለን» ይላል።

የልጅ ልጃችን ካሪስ ወርቋን ላፍ አድርጋ
ወረቀቷን ገፈፈች፣ ጠረጴዛው ሥር ተሸሽጋ።
ፀጥታ ሆነ። ከዚያ ድምፅ መጣ ከወደ ታች፦
«አያቴ፣ ይህችም ያው ክቧ ናት!» አለች።

ምን ይደረግ፤ አባባሉ እንደሚለው፣ ውስጡን ለቄስ ሰጠን፤
እሳቸውም «መልካም ነው» ብለው ሻይ ውስጥ ነከሩ፣ እኛ አፍጠን።
ብስኩቱ ከወገቡ ተቆረጠ፤ ሰጠመ በፀጥታ፤
ቄሱም ከልማድ የተነሣ «ነፍስ ይማር» አሉ በዝግታ።

ያን ማታ ግሌኒስ መነጽሯን አጥልቃ
ለፋብሪካው ሦስት ገጽ ጻፈች፣ ብዕሯን እንደ ጦር አጥብቃ።
በአሥራ ሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፤ በጣም ጨዋ መልስ፦
«እጅግ አዝነናል። ጉድለት ያለባቸውን ብስኩቶች
በሙሉ ይላኩልን፤ ገንዘብዎ ይመለሳል።»

ተያየን።
ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ፍርፋሪ። እሷም ክብ ሳትሆን አትቀርም።
ያን ሌሊት፣ ደብዳቤው ሲጻፍ፣
በየአንቀጹ አንድ አንድ፣ ለፊርማው ሁለት፣
ማስረጃውን በልተን ጨርሰናል።

ጣፍጦን አይደለም።
ክፋቱን ለማረጋገጥ ነው።