ማን አለብኝ

ውሻዬን «ማን አለብኝ» ያልኩት፣ ገና በቡችላነቱ፣
የዘበኛውን የሃሜሶን ጫማ በልቶ ስላንቀላፋ ከፊቱ።

ዛሬ ከአሞራ ገደል ወዲያ፣ ከሾላ ሥር ድንኳን ስንጥል፣
አባ ኮዳውን አሯሩጦ፣ ካስማውን እሱ ሲነቅል እኔ ስተክል፣
መሸ።

ታቦር ጥላውን ሰብስቦ ከሰማዩ ተቀላቀለ፤
የአሳ አጥማጆቹ መብራት አንድ ባንድ ከውኃው ጎደለ።
ደንገሉ ተንኮሻኮሸ። አንድ ትልቅ ነገር ተነፈሰ፤
ጉማሬ ነው።
ሣር ሊግጥ ወጥቶ፣ ወደኛው ገሰገሰ።

ባትሪዬን አጠፋሁ። ማን አለብኝ ጭራውን ቆልፎ
ጃኬቴ ውስጥ ገባ፣ ጆሮውን ከልቤ ለጥፎ።

ላባብለው ስሙን ጠራሁ፣ በትንፋሽ፣ ጉማሬው እንዳይሰማኝ፤
ጉሮሮዬ ደርቆ «ብ»ን ዋጥኳት፦
«ማን አለኝ?»

ስሙ መስሎት፣
በጨለማ አገጬን ላሰኝ።