የሁለት ዕጩ አንድ ጉሮሮ

ደምበጫ ላይ አንድ ነው፣ ሞንታርቦ ያለው ሰው፤
ጠዋት ለእንየው ነኝ፣ ከሰዓት ለሙሉሰው።
ባጃጁ ያው ባጃጅ፣ ባትሪው ያው ባትሪ፣
አንድ ጉሮሮ አለኝ፣ ሁለት ተናጋሪ።
ምሳ ሰዓት ሲሆን፣ ፖስተሩን ወደ ጀርባው ገልብጬ፣
ሽሮዬን ጠራርጌ፣ አፌን ተጉመጥምጬ፣
ጠዋት የሰደብኩትን፣ አወድሳለሁ ተቀምጬ።

"ሙሉሰው ከገባ፣ ግብር በሦስት ያድጋል!
በርህን ይቆጥራል፣ መስኮትህን ይቆጥራል፣
ዶሮህ ቆጥ ላይ ስትወጣ፣ ደረሰኝ ይቆርጣል!"

ይህ የጠዋቱ ነው። ከሰዓት ደግሞ፦

"እንየው ከፍሎ ያውቃል? ወፍጮ ቤቱ ይጠየቅ!
የሱን ዕዳ አዝለህ፣ አንተ ከምትማቅቅ፣
ሙሉሰው ይመረጥ፣ ግብር በግማሽ ይውደቅ!"

አንዴ ብቻ ጠየቅሁ፤ "ሦስት እጥፉን ማን ለካው?"
የእንየው ወንድም ሳቀ፤
"አንተ ድምፅህን አወፍር፤ ቁጥሩ ራሱን ይችላል።"
የሙሉሰው ጸሐፊም ያንኑ ነገረኝ፣
በሌላ ቀን፣ በሌላ ሆቴል።

በገበያው ዕለት ግን፣ በርበሬ ተራ ስደርስ፣
ባንቻየሁ ዘርግፋ፣ ብናኙ ሲነፍስ፣
"ግብር በሦስት..." ብዬ ትን አለኝ።
ሳልኩ። እንባዬ ወረደ። ሞንታርቦው አብሮኝ ሳለ፤
ከከብት ተራ እስከ መናኸሪያ፣ የሰማ ሁሉ "ይማርህ" አለ።
በዚያ ሁሉ ሳምንት፣ ካፌ ከወጣው ሁሉ፣
ማንም ያልከፈለበት፣ እውነት የነበረው፣ ያ ሳል ነው በሙሉ።

ውሃ ሰጠችኝ በጣሳ፣ ከጀሪካኗ ቀድታ፤
ከመቀነቷም ጫፍ፣ ቋጠሮዋን ፈትታ፣
ካርኒ አወጣችልኝ፣ አራት እጥፍ የታጠፈ፣
ሰማያዊው ቀለሙ፣ በላብ የረገፈ።
"እኔ የማውቀው እጥፍ ይኸ ነው" አለች። "ማንበብ ሥራህ አይደል?
ጠዋት ሦስት ስትለኝ፣ ከሰዓት ግማሽ ስትል፣
እስቲ የኔን አንብብ።"

አነበብኩ።
ባንቻየሁ ውብነህ፣ የበርበሬ ንግድ፣
አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ብር።
ያምናውን ከሥሩ ገልጣ ሰጠችኝ፤
አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ብር።

ማይኩን ግን አላጠፋሁትም ነበር።

ገበያው ጸጥ አለ። የሚዛኑ ምላስ እንኳ ቆመ።
ከዚያ አንዱ ጮኸ፤ "ይሄስ የማን ቅስቀሳ ነው?
ሦስተኛ ዕጩ አለ እንዴ? ምልክቱስ ምንድን ነው?"

ኮርቻ የሚሸጡት፣ ሽማግሌው ጋሽ ቢሻው፣
በምርኩዛቸው ጫፍ ሞንታርቦውን ነካ አድርገው፦
"በስልሳው የመጣብን ገማች፣ ገመድ ቢይዝም ፊት ነበረው፤
ተጣላን፣ አባረርነው፣ ዓይኑን ግን አየነው።
ግብር እንደሆን ፍቺው ሦስት ነው፤ ይከፈላል፣ ይበላል፣
የሰውም ሰውነቱ በግብሩ ይለያል፤
አራተኛውን እናንተ አመጣችሁት፤ ይሰደባል።"

ማታ ሁለቱም መጡ።
ወንድምየው፦ "ሙሉሰው ስንት ከፈለህ?"
ጸሐፊው፦ "ከእንየው ጋር መቼ መከርህ?"
"ማንም አልከፈለኝም" አልኩ። አንዳቸውም አላመኑኝም፤
እኔም ስለው ሰማሁት፣ ለጆሮዬ አልጣመኝም።

ባንቻየሁ ካርኒዋን ስታጥፍ ጠይቃኝ ነበር፤
"ያንተስ የታለ?"
ኪሴን ዳበስኩ። ለድምፅ ነጋዴ፣ ገማች መቼ አለ?

ነገ ደግሞ ጠዋት ነው። አዲሱ ወረቀት
"አራት እጥፍ" ይላል።
"እንየው" ይላል ፖስተሩ፤ ያየነው ግን የለም፤
ገልብጠው፣ "ሙሉሰው" ነው፤ ሙሉ ሰውም የለም።
ተምጫ ድልድይ አጠገብ ባጃጁን አቁሜ፣
ማይኩን አጥፍቼ፣
ሳል እለማመዳለሁ።