አንዲት መስመር

ሳጅን ድንቁ ቅጹን ገፋ አደረገው፣ ጠረጴዛው ላይ፣
ቆርቆሮውን ይነርታል የሐምሌ የጅማ ሰማይ።
«የጥፋቱ ምክንያት» ይላል፤ ከሥሩ አንዲት መስመር፣
ከጣቴ የማትረዝም፣ ቀጭን እንደ ክር።
«ቶሎ ይበሉ ጋሽ ወልደየስ፣ ባጃጅ አይገኝም ኋላ ወደዚያ፣
‹ዱርዬ ነው› ይበሉና ይፈርሙ፤ ለሌላው ቦታ የለም እዚያ።»

እውነት ነው፣ በቁጣ ነበር የመጣሁት፣
«ይታሰር!» እያልኩ ነው ደጃፋቸውን የረገጥኩት።
መላጊያዬን ሰርቋል፣ እጀታው መዳፌን የለመደ፤
ለቆራሌ በሁለት መቶ ብር ሸጦ፣ ወደ አጂፕ ወረደ።
ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሩዝ በሥጋ በላ፣
ባጃጅ ኮንትራት ይዞ ቆጪ ደርሶ ተመለሰ ኋላ።
እንደገና ሄደ። ሁለት ጊዜ።
ነፋስ ፊቱን ይምታው ብሎ፣ ይበተን ብሎ ትካዜ።

አሁን አግዳሚው ላይ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመቱ፤
ነዚፍ አባ ቢያ፣ አፉ የተከፈተ ጫማው በሽቦ ታስሮ፣
ከጉልበቱ አልነሳ ያለ ፊቱ።

ብዕሩን አነሳሁ። «አባት» ብዬ ጀመርኩ።
የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ዋንዛ ሲያመጣልኝ አውቄው ኖርኩ፤
አንድ ቀን ቦንጋ ሄደ፣ ቦንጋ ሌላ ቤት ሠራ፣
መጀመሪያ ብር ላከ፣ ቀጥሎ ሰላምታ፣ ከዚያ ስሙም አልተጠራ።
«እናት» አልኩ፤ ሲቲና ቡና ለቃሚ ናት መጋዘን፣
ጨለማ ወጥታ ጨለማ ትገባለች፤
የልጇን ፊት የምታየው ተኝቶ ነው፣ በስልክ ብርሃን።
ልተዋት። ድካምን በምን ቃል እከስሳለሁ?
ሰርዤ ወደ ትምህርት ቤቱ አለፍኩ፤ እዚያም ጉድ አውቃለሁ፦
ሹራቡ ሌላ ቀለም ነው ተብሎ ከበር ተመለሰ፤
ሦስት ቀን፣ ከዚያ ሳምንት፣ ከዚያ ስሙ ተደመሰሰ።
«የት ደረሰ?» ያለ የለም ማንም፤
ደወሉ እንደሆን አንድ ቀን አላረፈደም።

የት እንደ ደረሰ እኔ ልንገራችሁ፦ አወይቱ ዳር፣ ፑል ቤት።
ቡጡ የሚሉት ጎረምሳ፣ ቁርስ ሳይቀምስ በመጣበት ጠዋት፣
ግማሽ ዳቦ ቆርሶ ሰጠው። «ብላ» አለው፣ «ወንድም ዓለም»።
በሰፈራችን ዘንድሮ «ብላ» የሚል ሌላ የለም።
ሌላውን ትምህርት ከዳቦው በኋላ ነው ያስተማረው፤
ኪስ እንዴት እንደሚዳበስ፣ ማስቲሽ ረሃብን እንዴት እንደሚያስረሳው።

እኛስ፣ የሂርማታ ሰዎች? ገና እጁ ንጹሕ ሳለ፣
ዶሮ ሲጠፋ «ነዚፍ ነው» ያላለ ማን አለ?
ስሙን አስቀድመን ሰፍተን ጠበቅነው እንደ ልብስ፤
አንድ ቀን ለበሰው። ልኩ ነበር። እና ምን ይልበስ?

እዚህ ላይ ብዕሩ ቆመ። ቀለም አልጨረሰም።
ጻፍ እንጂ ወልደየስ። አሁን ምን ያዘህ? ይህንንስ የሚያውቅ ሌላ የለም።

አራት ወር በርጩማ ፈተገልኝ በብርጭቆ ወረቀት፣ ጣቱ እስኪላጥ ድረስ፤
«እከፍልሃለሁ» አልኩት፣ «አረፋ ሲደርስ»።
ደረሰ። አለፈ። አሥር ብር ሰጠሁት።
«ጋሼ፣ እግሩን ልፈልፍል፣ ያሳዩኝ» ሲለኝ፣
«ሂድ፣ እንጨት ታበላሻለህ» አልኩት።

የጅማ በርጩማ ምስማር የለው፣ ሙጫ የለ፤
እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ።
ቢያነክስ፣ እግሩን ለብቻው ነጥለህ አትወቅስ፤
ግንዱን ማን መረጠ? ማን ቸኮለ? እርጥቡን ማን ጠረበ፣ ሳይደርቅ፣ ሳይደርስ?

መስመሯ ሞላች። በኅዳጉ ወረድኩ፤ ወደ ጀርባው ዞርኩ፤
ማኅተሙ በሚያርፍበት ቦታ የራሴን ስም አኖርኩ።
ሳጅን አንገቱን አስግጎ አየና «ኧረ ጋሼ!» አለ፣
«ከመስመር ወጡ እኮ!»
እውነቱን ነው፤ ከወጣሁ ውሎ አደረ፣ ገና ዛሬ ነው የተባለ።

ያኔ ልጁ ቀና አለ፤ ድምፁ ሊጎረንን የሚሞክር፣ ያልጠና፦
«ጋሼ፣ ዝናብ ነው፤ ቆራሌው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው ቤቱ፣ አልወጣም።
መላጊያው አለ። እስካሁን አልሸጠውም።»