ለጊዜው

ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፤
ውሃ በሳምንት አንዴ ይመጣል፣ እሱም ሲያሻው፣ ሌሊት፣ ሳይታይ።
መስኮቴ ወደ ጭቃው ነው፣ ወደ ቀያሾቹ ችካል፤
ጫፉን ቀይ ቀለም ቀብተውታል፤
አንዱ ሲመሽ ይነቅለዋል፣ ሌላው ሲነጋ ይተክላል፤
ጅቡ ግን ችካል አያውቅም፤ በወዲህም በወዲያም ይጮኻል።

አስተርጓሚ ነበርኩ።
ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው አፍ ተናግሬ፣ በራሴ አፍ በልቻለሁ፤
ምላሴ የእኔ መሆኑን ጡረታ ስወጣ አውቄያለሁ።

ያን ጊዜ ታላቁ አገር መልእክተኛ ላከ። ደግ ሰው ነበር፣ አልዋሽም፤
ለሾፌራችን ልጅ መነጽር ያመጣ፣ የሰው ስም ሲጠራ የማይሳሳትም።
ካርታውን ዘረጋው፤ ተጠቅልሎ ኖሮ አልተኛ አለው፤
አንዱን ጥግ በብርጭቆ፣ አንዱን በሰዓቱ፣ አንዱን በሲጋራ ፓኮ ያዘው፤
አራተኛውን «ያዝልኝ» አለኝ። በመዳፌ ያዝኩለት።
ከመዳፌ ሥር ስንት ቀበሌ እንደ ነበረ ማን አስቦበት!

ከዚያ እርሳስ አወጣ።
አንደኛው ወገን ጥርሱን ይፍቃል፣ ሌላኛው ጣሪያ ጣሪያ ያያል፤
እርሳሱ ነጠብጣብ እየጣለ፣ እንደ ቸኮለ ሰፊ፣ ወንዙን ወንዙን ይሄዳል።
ወንዙ ግን በየክረምቱ አልጋውን ይለውጣል።
ይህን አልነገርኩትም። አስተርጓሚ የተባለውን ይላል።

ሲጨርስ አንድ ቃል ጣለ፣ አጭር፣ በራሱ ቋንቋ ለስላሳ፣
ትከሻ ተነቅንቆ የሚባል፣ ከአፍ ሳይወጣ የሚረሳ።
«ለጊዜው» አልኩ እኔ።
ሁለቱም ወገኖች ራሳቸውን ነቀነቁ፤
ለጊዜው ተጨባበጡ፣ ለጊዜው ሻይ ጠጡ፣ ለጊዜው ሳቁ።

ታላቁ አገር መጀመሪያ ከአንዱ ጋር፣ ኋላ ከሌላው ጋር፣
ኋላ ከሁለቱም ጋር ወዳጅ ሆነ፤ ኋላ «ሁለቱም ወገኖች» ከማለት በቀር
ዝም አለ።
ዓይኑን ሌላ ባሕር፣ ሌላ ወደብ ወስዶበት።
ያን ዓመት «በእጅጉ ያሳስበናል» የሚለውን አሥራ አንድ ጊዜ ተረጎምኩለት፤
በአሥራ ሁለተኛው «በእጅጉ»ን ዘለልኩት።
ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

ወይዘሮ አልጋነሽ ከእኔ በታች፣ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይታለች፤
ሁለት ስም ካላት ከተማ ነው የመጣች፤
ወዲህ ያሉት በአንዱ ይጠሯታል፣ ወዲያ ያሉት በሌላው፤ እሷ «ቤታችን» ትላታለች።
መታወቂያዋ ላይ፣ «የትውልድ ቦታ» ከሚለው ጎን፣
የቀበሌው ጸሐፊ ጨነቀውና ሰረዝ ብቻ አስምሮበታል፤
ይኸኛው በእርሳስ አይደለም። በስክሪብቶ ነው።

ትናንት ባዶ ጀሪካን ይዘን ደረጃው ላይ ቆመናል።
ከማን ቤት እንደሆነ እንጃ፣ ሬዲዮ ይለፈልፋል፤
ታላቁ አገር ለዚያ ድንበር አዲስ መልእክተኛ ሾሟል።
«የነሱን ቋንቋ ያውቃሉ አሉ» አለችኝ፣ «እስቲ ይንገሩኝ፤
ከቤታችን ስንወጣ ‹ለጊዜው ነው› ብለውን ነበር። ልጄን ያኔ አዝያት ነበር፣
ዘንድሮ እሷም አዘለች።
ለጊዜው ማለት በነሱ አገር ስንት ዓመት ነው?»

ቃሉ የነሱ አይደለም ልላት ነበር።
የሰውየው ቃል ሁለት መንገድ ነበረው፤
«ለጊዜው»ም ይሆናል፣ «በቃ»ም ይሆናል።
መሽቶ ነበር። ሁለቱም ደክመዋል፣ እኔም ርቦኛል፤
ለስላሳውን መረጥኩ።

እጄን ከግድግዳው አንስቼ ኪሴ ከተትኩት።
«ስንት ነው?» አለች ደግማ።

ከታች «ውሃ መጣ!» ተባለ። መልሱን ሳትጠብቅ ሮጠች፣
የእኔንም ጀሪካን ከእጄ ነጥቃ።
እኔ በየደረጃው እየቆምኩ ወረድኩ፤
ተራዬን ይዛልኝ ነበር።